ሼምዌታ ለሙዝ ሲል እንደ ሞተ

ሼምዌታ የነጩን ሰፋሪ የሂልገርን ወንበር በጠራራ ፀሐይ ተሸክሞ የኡሳምባራን ተራራ ዳገት ሲወጣ ያላየው ሰው አልነበረም። ደህና ሌባ ቢሆን ቢያንስ ጥጉን ጥጉን ይሄድ ነበር። እሱ ግን መሀል መንገድ ላይ እየቆመ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል።

“ማን ሰጠህ?” አለችው ሚስቱ ቻውሲኩ፣ ከሙዝ ማሳዋ ብቅ ብላ።

“ምታኒዬ።”

“የትኛው?”

“ጀርመኑ።”

ቻውሲኩ ማጭዷን መሬት አስቀመጠች። ምታኒ የፌዝ ዘመድ ነው፤ ይሰድብሃል፣ ዕቃህን አንሥቶ ይሄዳል፣ አንተም ትስቃለህ እንጂ አትቆጣም። የተራራው ሰዎች እንዲህ ያለ ዝምድና ያላቸው ከጥንት ጠላቶቻቸው ከዚጉዋዎች ጋር ነው። መዋጋቱ ሲሰለቻቸው መሰዳደብ ይሻለናል ብለው ተስማሙ።

“ከዚጉዋ ጋር ምታኒ የሆንነው ተዋግተን አይደል?” አለ ሼምዌታ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ። “ከጀርመኖቹም ተዋጋን። አሸነፉን፣ መሬቱ ላይ ሰፈሩ። እንግዲህ ወይ ምታኒ ናቸው ወይ ጠላት። ጠላት ናቸው ካልኩሽ ደግሞ ተነሥተህ ተዋጋ ትዪኛለሽ፤ እኔ ጉልበቴን ያመኛል።”

በማግስቱ ሂልገር ፊቱ ቀልቶ መጣ። አስተርጓሚው ወጥ ቤቱ ሴምኪዋ ነው፣ እሱም ዚጉዋ።

“የተቀቀለው መጣ” አለ ሼምዌታ ከወንበሩ ሳይነሣ። “እናትህ ከድስቱ ሳታወጣህ ረስታህ ነው?”

ሴምኪዋ መተርጎሙን ትቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ስድቡ ክብር፣ መውሰዱም ዝምድና መሆኑን ለጌታው አንድ በአንድ አስረዳው። ሂልገር ግራ ተጋባ፣ ቆይቶ ፈገግ አለ፣ ወንበሩንም ትቶ ሄደ። የሼምዌታ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ብዙም ሳይቆይ ባርኔጣውን ወሰደበት፤ ሂልገር አሁንም ሳቀ። ሼምዌታ የሸንኮራ ጠላ በተጠመቀበት ሁሉ እየተገኘ፣ ነጭ እንዴት እንደሚያዝ መማር የፈለገ ወደ እኔ ይምጣ ማለት ጀመረ።

“እየተማረ የሚስቅ ሰው ያስፈራኛል” አለች ቻውሲኩ።

ዝናቡ እንዳባራ ሂልገር ሠራተኞቹን ገመድና ችካል አስይዞ መጣና የቻውሲኩን ማሳ ከዳር እስከ ዳር ቸከለው። ቡና ሊተክልበት ነው። ቤቱ የሚበላው ከዚያ ማሳ ነበር፤ እሱ ከሄደ የሚቀራቸው ወደ ቆላ ወርዶ ከወባ ጋር መኖር ነው።

“ምን እያደረግህ ነው?” ሲል ሼምዌታ ጮኸ።

ሂልገር በተሰባበረ ስዋሂሊ መለሰለት። “ምታኒ፣ ወሰድኩብህ። አትቆጣም አይደል? ሕጉ ነው።”

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ሕግ ሕግ ነውና ሼምዌታም ሳቀ።

ራት ላይ ቻውሲኩ “ሙት” አለችው።

“ምን?”

“ሙት። ሰው ሲሞት መቃብሩን የሚቆፍረው ማነው?”

“ምታኒው።”

“አልቆፍርም ካለስ?”

“ዝምድናው ያከትማል። የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል።”

“ከቆፈረስ? የሚቆፍረው እኛ ባሳየነው ቦታ አይደል?”

የሼምዌታ ፊት በራ። “እኔም ይህንኑ እያሰብኩ ነበር።”

“ኋላ ታስባለህ። አሁን ሙት።”

ሲነጋ ሞተ። ሰሌን ለብሶ ደጃፉ ላይ ተጋደመ፤ ቻውሲኩም መንደሩን የሚያናውጥ ልቅሶ አነሣች። ሴምኪዋ ደንቡን ስለነገረው ሂልገር ማሳው እንዳያመልጠው አካፋ ይዞ መጣ። ቻውሲኩ ከችካሎቹ መሀል ቦታውን አሳየችው። ሲቆፍር ዋለ፤ መዳፉ ተላጠ፣ ሴቶቹም እንደ ወጉ ዘር ማንዘሩን ያልማረ ስድብ አወረዱበት። ሼምዌታ ከሰሌኑ ሥር ሆኖ ጎረቤቶቹ “ደግ ነበር፣ ምላሱ ነው እንጂ” ሲባባሉ ይሰማል፤ መልስ ሊሰጣቸው ቢፈልግም ሞቷል።

አስከሬኑ ከእነሰሌኑ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲቀመጥ፣ “አሁን ተኛበት” አለው ሴምኪዋ ለሂልገር። “ካልከፈላችሁኝ አልወጣም ትላለህ። ወጉ ነው።”

ሂልገር ጉድጓዱ ውስጥ ተጋደመ።

“ተመቸህ?” አለች አንዷ። “እዚያው ቅር እንግዲህ።”

ሼምዌታ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠውና ሰሌኑ ከፊቱ ላይ ተንሸራተተ። ሂልገር ብድግ ሲል ከሟቹ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

“ሞቶ አልነበር እንዴ?”

“ነበር” አለች ቻውሲኩ ፊቷን ሳትለውጥ። “ችግሩ፣ የተቆፈረ መቃብር ባዶውን አይተውም። ውስጡ የተኛውን ያስቀራል።”

ሂልገር ዘሎ ወጣ። እሷም አስቀድማ በጨርቅ የጠቀለለችውን የሙዝ ግንድ አቀበለችው፤ በሼምዌታ ምትክ በገዛ እጁ ቀበረው፣ አፈሩንም መለሰ።

በማግስቱ ሙዙ እንዲቆረጥ ቢያዝ ሠራተኞቹ አልንቀሳቀስ አሉ።

“መቃብር ላይ ስለት አናነሣም ጌታው” አለ ሴምኪዋ።

“ግንድ እኮ ነው!”

“የቀበርከው አንተ ነህ። እኛ ያየነው ሲለቀስበት ነው።”

ሂልገር ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሼምዌታ ከአጠገቡ ቆሟል። “ምታኒ ይቆጣል እንዴ?”

ሂልገር ቡናውን ማዶ ካለው ድንጋያማ ገደል ላይ ተከለው፤ ቢጫ ሆኖ ቀረ። በዚያ ዓመት በሸለቆው ጤነኛ ጤነኛው ወንድ ሁሉ እንደ ሼምዌታ ሞተ፤ ሙዝ ባለበት መቃብር በዛ። አሟሟቱን ሊጠይቁት የሚመጡት ብዙ ነበሩ። በጠላው ቤት ግን ሼምዌታ ገና አፉን ሲከፍት “ሟች አያወራም” ይሉታል። ይህ ከሞቱ በላይ አንገበገበው።

አንድ ቀን ቻውሲኩ የቀሩትን ችካሎች ለማገዶ ስትነቅል አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

“ልቅሶሽ መንደሩን አስለቅሷል። ለሙዙ ነው ያን ያህል?”

“መጀመሪያ ለሙዙ ነበር” አለች ችካሉን እየወዘወዘች። “ከዚያ ሰሌኑን አየሁት። ዝም ብለሃል። አንተ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም ነበር።”

ሼምዌታ እጁን ሰደደና ችካሉን አብሯት ነቀለ።