ክፍት የተተወው ሞገድ

ሬዲዮኛው የእህቱን ባል ድምፅ የሰማው ከቃጠሎ በተረፈ የፋብሪካ ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነው። «ከበውናል! ሃያ ነን፤ ግማሾቻችን ቆስለናል!» ይላል ሰውየው ከወንዙ ማዶ። የመቶ አለቃ ነው። ባለፈው ዓመት ሚስቱን ደብድቦ ሆስፒታል ያስተኛ፣ ሬዲዮኛውም «ዓይንህን እንዳላይ» ብሎ የተለየው ሰው።

አዲሱን ሬዲዮ ወታደሮቹ «ፌንጣ» ይሉታል። ጠላት ሞገዱን በጩኸት ሲያፍነው ራሱ ንጹሕ ሞገድ ፈልጎ ይዘላል። ያን ጠዋትም ዘለለ፤ ድምፁ ጠራ፤ ወዲያው ከማዶ የጠላት መድፍ አጓራ። የመቶ አለቃው ወደ ሬዲዮው ሲመለስ እያለቀሰ ነበር። «መትረየስ ተኳሹ ሆዱ ተዘርግፏል... በእጄ ይዤዋለሁ!» እንደገና ታፈኑ፣ ፌንጣው እንደገና ዘለለ፣ መድፉም እንደገና ወረደ።

ሬዲዮኛው የሞገዱን ቁጥር ተመለከተ። ፌንጣው የሚያርፈው ሁልጊዜ እዚያው አንድ ሞገድ ላይ ነው!

«ሻለቃ፣ ሌላውን ሁሉ አፍነው አንዱን ሆን ብለው ትተውልናል» አላት አዛዧን። «የምንለው በሚስጥር ስለተቆለፈ አይገባቸውም። ከየት እንደምንናገር ግን እዚያ አድፍጠው ይለካሉ።»

ሻለቃዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ዝም ቢሉስ?»

«የጠላት እግረኛ ጦር መጥቶ ያርዳቸዋል። ድልድዩን መሻገር አለባቸው። እስኪሻገሩ ለመድፈኞቹ ሌላ ዒላማ እንስጣቸው። ትርፉን ሬዲዮ ይዤ በዚህ በኩል ያለው የፈረሰ ወፍጮ ቤት ልግባ።»

«ለዚያ ሰውዬ ብለህ?» የቤተሰቡን ጣጣ ታውቃለች።

«ለቁስለኞቹ ነው። እሱን ጅብ ይብላው።»

ለመቶ አለቃው አጭር ቃል ላኩለት፦ «ሬዲዮህን ዝጋ። ወፍጮ ቤቱ ሲመታ ተሻገሩ።»

ሬዲዮኛው ወፍጮ ቤት ገብቶ የሬዲዮውን ጉልበት እስከ ጥግ ከፈተ፤ የመናገሪያውን ቁልፍ በፕላስተር ጠፍሮ ውጭ ያለ ቦይ ውስጥ ተወረወረ። መድፉ አላሳፈረውም። የመጀመሪያው ጣሪያውን፣ ሁለተኛው ግድግዳውን ወሰደ። ከማዶ ሰዎቹ ቃሬዛ ተሸክመው ድልድዩ ላይ ወጡ።

ድንገት መድፈኞቹ ወፍጮ ቤቱን መምታት አቆሙ። ቀጣዩ ጥይት ድልድዩ ላይ አርፎ የፊተኛውን ቃሬዛ ከነተሸካሚዎቹ ወንዙ ውስጥ በተነው።

ሬዲዮኛው «አንቴናው ተበጥሷል!» አለና እየተራገመ ፍርስራሹ ውስጥ ተመልሶ ገባ። የተበጠሰውን ሽቦ ሰክቶ በግራ እጁ ወደ ላይ ዘረጋው።

«ኑ እንግዲህ!» ብሎ ጮኸ።

መጡ።

ሲነቃ ግራ እጁ ከክርኑ በታች የለም። የእህቱ ባል በደም ተጨማልቆ ክንዱን በቀበቶ ያስራል።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ—»

ሬዲዮኛው በቀኝ ጡጫው አፉን አለው። ሰውየው ደሙን ተፍቶ፣ ቀበቶውን አጥብቆ ተሸከመው።

ሆስፒታል እህቱ መጣች። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፍቷል።

«‹ይቅር በይው› በልልኝ እያለ ነው የሚለማመጥህ?» አለችው ለወንድሟ። «ነፍሱን ያተረፍክለት አንተ ነህ፤ ውለታው ባንተና በሱ መካከል ይሁን። እኔ ግን አልመለስም።»

«እኔም ተመለሺ አላልኩሽም። ስንት ሰው እንደተሻገረ ብቻ ጠይቂልኝ። እኔ ላናግረው አልፈልግም።»

ወጥታ ጠየቀችው። ከሰውየው ጋር ሌላ ቃል አልተለዋወጠችም።

«ከሃያው አሥራ አንድ» አለችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።