በወርቅ ቅብ ስር

ኩራሞቺ በሌብነት የጠረጠረኝ በአንድ ስፒና ነው። ሠላሳ ዓመት አብረን ሙዚቃ የሰማን ሰዎች ነን። ያን እሑድ ሐማማትሱ ያለው ቤቱ ስገባ ግን ሻይ እንኳ ሳያቀርብልኝ ዐይኑን ከእጄ ላይ አልነቅል አለ።

«ሲምባሉ ሞቷል» አለኝ፤ ከከበሮው ጋር የሚመታውን የናስ ሳህን ድምፅ ማለቱ ነው። «ያንን ስፒና ካሰርክልኝ ጀምሮ።»

የአምፕሊፋየሩን ገመድ ስፒና የቀየርኩለት እኔ ነኝ፤ እግሮቹ ንጹሕ መዳብ፣ ላያቸው የወርቅ ቅብ። በእኛ በድምፅ ወዳጆች ዘንድ መዳብ ድምፅን ያጠራል፣ ነሐስ ያደነዝዛል ይባላል። ወርቁ ግን ሁለቱንም ሸፍኖ ያመሳስላቸዋል። እሱም መዳቡን ለራሴ አስቀርቼ ነሐስ ያሰርኩለት መሰለው። ኩራሞቺ ደግሞ የድምፅ ወዳጆች ማኅበራችን ጆሮ ነው፤ እሱ ሌባ ካለኝ ማን ያምነኛል?

«የምትለውን በግልጽ በለው» አልኩት።

«እኔ ምን አልኩ? አንተ ቤት ሲምባሉ ጥርት ይላል፣ እኔ ቤት ብርድ ልብስ የተከናነበ ይመስላል። እስቲ አንተው ንገረኝ።»

«ሞርደህ እየዋ።»

ያፍራል ብዬ ነበር። እሱ እቴ፣ ሞረዱን አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። ሚስቱ ፉሚኤ በየመከሩ የምታሳድጋቸውን የሚያቃጭሉ ፌንጣዎች በሣጥን አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛ ዱባ ትመግባለች። ቀና ብላ እሱን አየች፣ ቀጥላ እኔን፣ ከዚያ አቀረቀረች። ነገሩን የጫረችው እሷ ትሆን እንዴ ብዬ ጠረጠርኳት።

ሲሞርደው የወርቁ ብናኝ ያነጠፈው ጋዜጣ ላይ ረገፈ። ከስሩ ቀይ መዳብ ወጣ። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከአፉ አልወጣም።

«እሺ፣ መዳብ ነው። ታዲያ ምን አደረግክበት?»

ደሜ ፈላ። ዳግመኛ እዚህ ቤት አልረግጥም ብዬ ተነሣሁ። እሱ እኔን ትቶ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ፉሚኤ፣ ዘንድሮ ፌንጣዎችሽ ምነው ዝም አሉ?»

ከገባሁ ጀምሮ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማወራው የእነሱን ጩኸት ለመብለጥ ነበር። አሁንም ሣጥኑ ጭኗ ላይ እያቃጨለ ነው። ሲምባሉም ፌንጣውም ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሰው ሲያረጅ ከጆሮው ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ፉሚኤ ዐይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። እንዳልነግረው ስትለምነኝ እንደቆየች ያኔ ገባኝ፣ በጠረጠርኳትም አፈርኩ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እውነቱን ልንገርህ» አልኩት። «ስፒናውን በሚገባ አላጠበቅኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጆሮዬ መቼ ይስታል» አለ፣ ፊቱ እየፈካ። «ለማኅበሩም እነግራለሁ፣ ሥራ ይልመዱበት።»

«ንገራቸው።»

ፉሚኤ ሣጥኑን ታቅፋ ተነሣች።

«ፌንጣዎቹ ሞተዋል» አለችው። «ብርዱ ነው።»

ከክፍሉ እስክትወጣ ድረስ እቅፏ ውስጥ ያቃጭሉ ነበር።