ምናገባችሁን የሸኘንበት ሐሙስ

ውሻችንን «ምናገባችሁ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ልጄ ኪዲ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አልቅሳ አስመጣችው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ «ዘርይሁን፣ ውሻ ሳሎን ውስጥ?» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣኝ። በአገራችን ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይባል ነገር በውሻ ስም ይባላል። ፓርክ ውስጥ ጮክ ብዬ በጠራሁት ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። የምንኖርበት የለንደኑ ስትሪትሃም ፈረንጆች ግን አሳጥረው በሴት ስም «ሚና» አሉት፤ ሠላሳ አምስት ኪሎ የሚመዝን ወንድ ውሻ!

ዘንድሮ ፀደይ ላይ ሆዱ አበጠ። የእንስሳት ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አይታ ጣፊያው ላይ ዕጢ እንዳለ፣ ዕድሜውም ለኦፕሬሽን እንደማይመች ነገረችን። ማስታገሻ ሰጠችንና አንድ ወረቀት አስያዘችን። በየቀኑ «ጥሩ ቀን» ወይም «መጥፎ ቀን» ብለን እንሞላለን። በጣም የሚወዳቸውን ሦስት ነገሮችም ጻፉ፤ ሦስቱንም ሲተው ጊዜው ደርሷል ማለት ነው አለች። ጻፍኩ፦ ፖስተኛው ላይ መጮህ፣ ከጠረጴዛ ላይ ሥጋ መስረቅ፣ እኔ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ይዞ መሮጥ።

ወረቀቱን በውሸት ሞላሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ። ባለቤቴ ውባንቺ «አንተ ሰውዬ፣ ለካውንስል የእርዳታ ፎርም እንኳ እንዲህ አትዋሽም» አለችኝ። ያጋለጠኝ ፖስተኛው ነው። አንድ ጠዋት በሩን አንኳኩቶ «ውሻችሁ ሰሞኑን አልሰደበኝም፤ ደህና ነው?» አለኝ። ያን ዕለት ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ በመርፌ ሳይሰቃይ እንዲያርፍ ቀጠሮ ያዝኩ።

«በስንብቱ ማን ማን ይገኛል?» አለች።

«እኔና ባለቤቴ።»

«ልጃችሁስ?»

«ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ናት። ፈተና ስላለባት አትሰማም።»

«መቼ ልትነግሯት ነው?»

«ሦስት ሳምንት ቆይተን፣ ስትጨርስ።»

ሐኪሟ ቅንድቧን ብቻ አነሳች። ፈረንጅ ምን ያውቃል! ክፉ ወሬ እኛ ዘንድ በወግ ነው የሚነገረው። ውባንቺ መርዶ ነጋሪዎቹን ሳይቀር መርጣለች፦ ጋሽ ሳህሌ ከኪልበርን፣ ሁለት እህቶች ከጸሎት ቡድኗ፣ በማለዳ። ለውሻ ሽማግሌ ስትሰበስብ ፈገግ እንኳ አላለችም።

እስከዚያው ኪዲ በቪዲዮ ስትደውል «እስቲ አሳዩኝ» ትላለች፤ እኛም «ተኝቷል» እንላለን። ማክሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ «ተኝቷል» ስላት ፊቷ ተለወጠ።

«አባዬ፣ ያኔ እማማም ተኝታ ነበር» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

እማማ የምትላት እናቴን ነው። ደሴ ሄጄ ስቀብራት ኪዲ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆና ፈተና ላይ ነበረች። ሁለት ወር ሙሉ «ደህና ናት፣ ተኝታ ነው» አልናት። እኔማ ብሶብኝ «እማማ የላከችልሽ ነው» ብዬ ነጠላ ሰጠኋት። እውነቱን ስታውቅ ዓመት ሙሉ በ«እሺ» እና በ«አይ» ብቻ አናገረችኝ። ያን ዓመት ሁለተኛ አልችለውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ማሳደሪያ ጊዜ አልነበረኝም።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት አውቶቡሴን ለተረኛው ሾፌር አስረክቤ ደወልኩላት።

«ኪዲ፣ ምናገባችሁ ሊሞት ነው። ነገ እኩለ ቀን ላይ።»

«ሲሪየስሊ? አንተ ራስህ ነህ የምትነግረኝ? ሽማግሌ የለም?»

«እናትሽ አዘጋጅታ ነበር። ካንስል አድርጌዋለሁ።»

እያለቀሰች ሳቀች። «የሚቀጥለው ፈተናዬ ሰኞ ነው፣ አባዬ። ለሁለቱም እደርሳለሁ። የመጀመሪያውን ባቡር ቡክ አደርጋለሁ።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ ገባች። ምናገባችሁ ተኝቶ እንዳለ ጅራቱን ሁለት ጊዜ ወለሉ ላይ መታ፤ በዚያ ሰሞን አቅሙ ይህ ለእሱ ጭፈራ ነበር። ሐኪሟ ደስ ያለውን ይብላ ብላለች። አሥራ ሁለት ዓመት «ውሻ ወጥ ቤቴን አይርገጥ» ስትል የኖረችው ውባንቺ፣ ሽንኩርትና በርበሬ የሌለው ጥብስ ሠርታ በእንግዳ ሳህን አቀረበችለት። አጠገቡ ተቀምጣ በእጇ አጎረሰችው።

«ጉድ ነው! እኔን እንዲህ አጉርሰሽኝ አታውቂም» ብላት፣

«አንተ መቼ ምግብ እምቢ ብለህ ታውቃለህና?» አለችኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ የገባንበት ክፍል ምንጣፍና ብርድ ልብስ እንጂ የብረት ጠረጴዛ የለውም። ሦስታችንም መሬት ተቀመጥን። ሐኪሟ ምንም ከማድረጓ በፊት ሁሉን ነገረችን። የመጀመሪያው መርፌ ያስተኛዋል፤ ሁለተኛው ልቡን ያቆማል፤ ምንም አይሰማውም፤ እስክትዘጋጁ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያውን መርፌ እንደተወጋ ራሱን ኪዲ ጭን ላይ ጥሎ ማንኮራፋት ጀመረ። ቤታችን ውስጥ በማንኮራፋት የሚበልጠኝ እሱ ብቻ ስለነበረ ሁላችንም ሳቅን። ቆይተን «ዝግጁ ነን» አልን። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ማንኮራፋቱ ቆመ። ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ «አርፏል» አለች። ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ ከእነሱም በላይ አለቀስኩ።

ውባንቺ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔና ኪዲ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀመጥን።

«አባዬ፣ እማማስ? የመጨረሻ ቀኗ እንዴት ነበር?»

በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀንም ጠይቃኝ አታውቅም። የምመልሰውን አታምነውማ።

«ጠዋት ሽሮው ጨው የለውም ብላ አክስትሽን ስትሰድብ አረፈደች» አልኳት። ኪዲ ሳቀች። «ከሰዓት በኋላ አንቺን ጠየቀችኝ። ‹ልትመጣ ነው› አልኳት።»

«እኔ እኮ መታመሟንም አላውቅም ነበር።»

«አዎ። ሁለታችሁንም ዋሸኋችሁ።»

«ምን አለች?»

«‹እንግዲያውስ ፀጉሬን አበጥሩኝ› አለች። እኔ አበጠርኳት። እየጠበቀችሽ ነው እንቅልፍ የወሰዳት፤ በዚያው አልነቃችም።»

ኪዲ ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ይቅር በይኝ» አልኳት። ልጄን ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ብዙ ቆይታ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣

«ሌላስ ምን አለች?» አለችኝ።

ብዙ ብላ ነበር። ማንን እንደሰደበች፣ ምን እንዳሳቃት፣ ከማን ጋር ታረቁ እንዳለችን አንድ በአንድ ነገርኳት። ሦስት አውቶቡስ ጥሎን ሄደ።