በቅሎዋ ለባሌ አጋዘኖች

ጋሽ ወልዱ በ1972 ዓ.ም. ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ዳገት ሥር ባለው ቤታቸው ታመው ሲተኙ ኑዛዜያቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትርፍ ቤታቸውን አዋጁ ስለወሰደባቸው የሚያወርሱት አንዲት በቅሎ ብቻ ነበረቻቸው።

በአራት ምስክሮች ፊት አነበብኩት፦ «በቅሎዬ የባሌን የደጋ አጋዘን ለሚጠብቁ ዘበኞች ትሰጥ።»

ሦስቱ ፈረሙ። አራተኛው፣ የነፍስ አባታቸው መምሬ ፀሐዬ፣ እስክሪብቶውን መለሱልኝ። በቅሎዋ ለቤተ ክርስቲያኑ ትሰጣለች ብለው ጠብቀው ነበር፤ ያን ዳገት በታመመ ጉልበታቸው የሚወጡት በእግራቸው ነው።

«ወልዱ፣ ለአውሬ ይናዘዛል እንዴ?» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ኖኅ መርከቡን የሠራው ለካህናት ብቻ ነበር እንዴ፣ መምሬ?»

«አንተ አፍህን ሰብስብ!»

ጋሽ ወልዱ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «አባቴ፣ በወጣትነቴ አዳኞችን እየመራሁ ብዙ አጋዘን አስገድያለሁ። የሚፈልጉት ቀንዱን ብቻ ነበር፤ ሥጋውን ለጅብ ትተነው እንሄዳለን። ሠላሳ ዓመት ኃጢአቴን ስነግርዎ ስለ እነሱ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም።»

መምሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ስንት ናቸው፣ ልጄ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አልቆጠርኳቸውም።»

መምሬ ከአልጋው ተነሡ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሟቸው፤ እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደውም ፈረሙ።

ሲወጡ ደጅ የታሰረችውን በቅሎ አንገቷን ዳበስ አደረጓት። ከዚያም በትራቸውን ተመርኩዘው ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት።