የልምምድ በሽተኛ

የነርስነት ተማሪዋ የተግባር ፈተና በደረሰ ቁጥር በሽተኛ የሚሆንላት ታናሽ ወንድሟ ነው። ቤተሰቡ «ቀልዴ» ይለዋል። ትርፍ አንጀት የሆነ ለት ጎረቤት አጥር ዘሎ እስኪመጣ አቃስቷል። ሰሞኑን ደግሞ ማጅራት ገትር አስጠንታዋለች፤ «ብርሃን ሽሽ። ራስህን ሳነሣው አንገትህን ገትረው፣ ጉልበትህም አብሮ ብድግ ይበል።» ወዲያው ያዘው። ማጋነኑ ነው እንጂ ያስቸገራት።

ዛሬ ከሚሠራበት ጋራዥ ቀደም ብሎ ገብቶ፣ መጋረጃውን ዘግቶ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አገኘችው።

«ሲስተር፣ ራሴን እየፈለጠኝ ነው» አላት ዓይኑን ሳይገልጥ። «መብራቱን አታብሪ።»

«ጎበዝ! ዛሬስ ሳትለመን ጀመርክ።»

አጠገቡ ተንበርክካ አገጩን ወደ ደረቱ ልታስጠጋ ማጅራቱን ያዘች። ራሱ ከነትከሻው እንደ ሳንቃ ተነሣ። ጉልበቶቹ ከብርድ ልብሱ ሥር ብድግ አሉ።

«አታጋን አላልኩህም? ፈታኟ ትስቅብኛለች።»

«አልቀለድኩም።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሃል።»

ግንባሩ ግን እሳት ነበር። ፀሐይ መትቶት ይሆናል ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች። እጇ ግን አልታለለም። ገና ያላሳየችው አንድ ምርመራ ነበር። ምንም ሳትነግረው ጭኑን ወደ ላይ አጠፈችና እግሩን ከጉልበቱ ቀስ እያለች ትዘረጋው ጀመር። እግሩ ግማሽ ላይ ሲደርስ አልዘረጋ አለ። ከጭኑ ጀርባ ያለው ጅማት መዳፏ ሥር እንደ ገመድ ተወጠረ።

በጤነኛ ሆዱ እያቃሰተ ጎረቤት የሚያሸብረው ልጅ አሁን ድምፁን አላሰማም። ጥርሱን ብቻ ነከሰ።

«እማዬ! ታክሲ! አሁኑኑ!»

እናትየው እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ከጓዳ ብቅ አለች። «ቲያትሩ ዛሬ ሆስፒታል ድረስ ሆነ? ለመሆኑ ስንት ማርክ ሰጠሽው?»

ልጅቱ የእናቷን እርጥብ እጅ ይዛ ከልጁ ማጅራት ሥር አስገባችው። «እስቲ አንሺው።»

እናትየው እየሳቀች ሞከረች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ተው እንጂ፣ አንተ» አለችው። «በቃ፣ አሸንፈሃል። አሸንፈሃል እኮ አልኩህ!»

ልጁ ዓይኑን አልገለጠም። እህቱ ደጅ ወጥታ መንገድ መሐል ቆማ የመጣውን መኪና ሁሉ በሁለት እጇ ታስቆም ነበር።