ከግድግዳው ወዲህ የተሰማ ፊልም

በዚያ ዘመን ግድግዳም ጆሮ አለው ይባል ነበር። የወልደአማኑኤል ግድግዳ ግን አፍ ነበረው። የተከራያት አንዲት ክፍል ከሲኒማ ቤቱ ጋር ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ለይቷት ጀርባ ለጀርባ የተሠራች ስለሆነች፣ ፊልም በተከፈተ ቁጥር ከአልጋው ራስጌ በላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ትዘፍናለች፣ ታለቅሳለች፣ ትተኩሳለች። እሱም ቴፑን ቁም ሳጥኑ ላይ አውጥቶ ፊቱን ወደ ቀዳዳዋ ያዞርና ማጀቢያ ሙዚቃው ሲመጣ መቅጃውን ይጫናል፤ ወሬው ሲመጣ ያቆማል። ቀን ቀን ማዘጋጃ ቤት የቤት ፕላን የሚነድፍ፣ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ረጋ ያለ ወንደላጤ ነበር።

አዋሳ ውስጥ የፊልም ሙዚቃ አዋቂ ማን ነው ቢባል ጣት የሚቀሰረው ወደ እሱ ነው። እንደሱ ካሴት ጥርት ያለ የማንም የለም፤ ሳል የለበት፣ የቆሎ ኩርሽምሽም የለበት። ከማሽን ክፍሉ ሰዎች ጋር ተወዳጅቶ ከውስጥ የሚቀዳ ይመስላቸዋል። እሱም አላስተባበለም። ከቀዳቸው ፊልሞች አንዱንም እንኳ በዓይኑ እንዳላየ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው።

እሁድ ከምሳ በኋላ የሙዚቃው ወዳጆች መሃል ከተማ ኑሪ ሱቅ ይሰበሰባሉ። ኑሪ ሬዲዮና ባትሪ ይሸጣል፣ የተበላሸ ቴፕ ይጠግናል። በሩን ግማሽ ከፍቶ ይተወዋል፤ ጨርሶ ከዘጋው ስብሰባ ነው ይባላል፣ ጨርሶ ከከፈተው ደግሞ ገበያተኛ ይገባል። አብዮት ጠባቂዎች ሲያልፉ አንገታቸውን ብቅ ያደርጉና ቴፕ ከበው የተከዙ ሰዎች አይተው፣ «እነዚህስ ለይቶላቸዋል» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ኑሪ የሕንድ ቫዮሊን ነው ነፍሱ። ቆሞ ነው የሚሰማው፤ ቁጭ ካልኩ አለቅሳለሁ ይላል፤ ቆሞም ያለቅሳል። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ሮማን ግን ፉጨት ያልገባበትን፣ ፈረስ ያልጋለበበትን ሙዚቃ አትለውም። ቤቷ የምትሰማው ምድጃ ሥር ሆና ስለሆነ፣ በካውቦይ ፉጨት ስንቱን ወጥ እንዳሳረረች ራሷ እየሳቀች ታወራለች። ሦስተኛዋ ደስታነሽ ናት፤ የሆስፒታል ነርስ ስለሆነች ሲስተር ይሏታል። እሷ የምትወደው ሰዎቹ ሲነጋገሩ ከሥር ከሥር የሚሄደውን፣ ማንም ልብ የማይለውን ቀጭን ሙዚቃ ነው። አንዱን ፊልም ሁለት ጊዜ ትገባለች፤ መጀመሪያ ዓይኗን ከፍታ፣ ሁለተኛ ጨፍና።

ሥርዓት አላቸው። በየእሁዱ አንድ ባለተራ አንድ ሙዚቃ ያመጣል፤ ሳያልቅ መናገር ነውር ነው። ሲያልቅ ሁሉም የፊልሙ የትኛው ቦታ ላይ እንደገባ፣ ምን እንዳደረገው ይናገራል። ወልደአማኑኤል ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚናገረው፤ ሌሎቹ ያሉትን አዋህዶ በረጋ ድምፅ ሲደግመው ጥልቅ ይመስላል። እያደር ደግሞ ጨዋታው ሌላ መልክ ያዘ። በአፍ ለመናገር የከበዳቸውን በሙዚቃ መናገር ጀመሩ። ሮማንና ኑሪ በካሴት መዋዋስ የተቀያየሙ ጊዜ፣ ኑሪ ተራው ሲደርስ ባለሽጉጦች የሚፋጠጡበትን ማጀቢያ ከፈተ፤ ሮማን ሳቋ አመለጣትና ታረቁ። አፍን መያዝ ደግ በነበረበት ጊዜ ሙዚቃ ትልቅ መላ ነበር፤ ቢጠይቁህ ምንም አላልክም።

ወልደአማኑኤል ለምን ሲኒማ እንደማይገባ ግን ቀልድ አይደለም። ክፍሏን መጀመሪያ የተከራያት ከጓደኛው ከታደሰ ጋር ነበር። ፊልም ወዳዱ ታደሰ ነው። ከሲኒማ ሲመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና ማጀቢያውን በአፉ እያዜመ ፊልሙን ከጥግ እስከ ጥግ ይተርክለታል። ወልደአማኑኤል፣ «አንተ እያለህልኝ ለምን ቲኬት እገዛለሁ» ይለው ነበር። በክፉው ዓመት የሲኒማው አዳራሽ ለስብሰባ ሲፈለግ ሁለቱም ተጠርተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከመድረኩ የታደሰ ስም ተጠራ። ታደሰ ሞቆት ያወለቀውን ኮት፣ «ያዝልኝ፣ መጣሁ» ብሎ አቀበለው። በጎን በር አወጡት፤ አልተመለሰም። ወልደአማኑኤል ከዚያ ወዲህ የዚያን አዳራሽ ደጃፍ አልረገጠም፤ ክፍሏንም አልለቀቀም። ኮቱም እስከ ዛሬ ከሰቀለበት ሚስማር አልወረደም።

አንድ እሁድ ደስታነሽ ሙዚቃው እንዳለቀ፣ «ነጌሌ ቦረና የነርሶች ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነው» አለች። «እምቢ ማለትም ይቻላል ብለውኛል። የሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ መልሴን ይፈልጋሉ።»

ኑሪ እንኳን ደስ ያለሽ ለማለት አፉን ከፈተና የወልደአማኑኤልን ፊት አይቶ ዘጋው። ወልደአማኑኤል ደስታነሽን ይወዳታል። ኑሪ ያውቃል፣ ሮማን ታውቃለች፤ ደስታነሽም እስኪናገር እየጠበቀች ሰንብታለች። ሰውየው ግን ከመናገር ቤት መሥራት የሚቀለው ዓይነት ነበር።

«ጋሼ ወልዴስ ምን ይላሉ?» አለችው።

ወልደአማኑኤል፣ «የሚቀጥለው እሁድ ተራዬ ነው» አለ።

ሁሉም ገባቸው። መልሱ በካሴት ሊመጣ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ አዲስ የሕንድ ፊልም መጣ። ወልደአማኑኤል በመጀመሪያው ቀን አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሲሰማ፣ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ከግድግዳው ማዶ የውሃ ድምፅ መጣ። ከዚያ ዋሽንት፤ ከዋሽንቱ ሥር መቅዘፊያ ውሃ ሲመታ፤ የሴት የእግር አልቦ ሲንሿሿ። አንድ ወንድ አንዲት ቃል ተናገረ። ያን ጊዜ ቫዮሊኖቹ በአንድነት ተነሡ፤ ወልደአማኑኤልም አብሯቸው ተነሥቶ ተቀመጠ። ቋንቋውን ባያውቅም ነገሩ ግልጽ ሆነለት። ሁለት ሰዎች በጀልባ ሐይቅ እየተሻገሩ ነው፤ ማዶ ቤት አላቸው። ከዚህ የተሻለ የጋብቻ ጥያቄ ከወዴት ይመጣል? በማግስቱም በሠለስቱም ቀድቶ የጠራውን መረጠ።

እሁድ ደረሰ። ካሴቱን ከትቶ ቴፑን ከፈተ። ዋሽንቱ ገና ሲጀምር ሮማን ከንፈሯን ነከሰች። ቫዮሊኖቹ ሲነሡ ኑሪ፣ ያ ሁልጊዜ የሚቆመው ሰው፣ የባትሪ ካርቶን ላይ ቁጭ አለ። ሙዚቃው አልቆ ቴፑ ቀጭ አለ።

«ገብቶኛል ጋሼ» አለች ደስታነሽ። ፊቷ የተረጋጋ ነበር። «እውነትዎን ነው። ግልጽ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ።» ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና እጁን ጨበጠችው፤ ቶሎም አልለቀቀችውም። «የዘጠኝ ሰዓቱን ልገባ ነው፤ ሁለተኛዬ ነው። ነገ መልሴን እሰጣቸዋለሁ።»

ወልደአማኑኤል ከሱቁ ሲወጣ እግሩ መሬት አልነካም። እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ይሄን ያህል ዓመት ምን አስቀመጠኝ እያለ፣ የደስታነሽ ዕቃ የትኛው ግድግዳ ጥግ እንደሚሆን በልቡ እየነደፈ ሲሄድ ሮማን ከኋላው ደረሰችበት። ተቆጥታለች።

«ጋሼ ወልዴ፣ ምን አድርጋዎት ነው?»

«ማን?»

«ደስታነሽ ነቻ! የሚወዱትን ሰው እንዲህ ያባርራሉ?»

«የምን ማባረር?» ብሎ ሳቀ። «አግቢኝ ነው ያልኳት።»

ሮማን ቆመች። «በዚያ ሙዚቃ?»

«አብረው ሐይቁን ሲሻገሩ…»

«ማነው አብሮ የሚሻገር? ጀልባዋ ላይ ያለችው እሷ ናት፤ እሷና ቀዛፊው። ሰውየው ዳር ቆሞ ገመዱን በገዛ እጁ ይፈታና ጀልባዋን ገፍቶ ይሰዳታል። ‹ሂጂ፣ እኔን እርሺኝ› ነው የሚላት። እኔ እንኳ፣ ድንጋይዋ፣ ያለቀስኩበት…» ድንገት ፊቱን አየችው። «ቆይ። ፊልሙን አላዩትም እንዴ?»

ወልደአማኑኤል እንደለመደው ዝም ማለት ይችል ነበር። ደስታነሽ እጁን ይዛ የቆየችው ለስንብት እንደነበር ግን አሁን ገባው።

«አላየሁትም» አለ።

«ይሄንን?»

«አንዱንም። ቤቴ ከግድግዳው ወዲህ ነው። በቀዳዳ ነው የምቀዳው።»

ሮማን ለሌላ ቀን የሚበቃ ሳቅ ነበራት፤ ዋጠችው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። በሉ ይሂዱ፣ እዚያው ናት።»

«ስትወጣ ደጅ ሆኜ እጠብቃታለሁ።»

«ስትወጣማ ገመዱ ሁለተኛ ተፈቶባት ነው የምትወጣው» አለች ሮማን።

ሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ፊልሙ እስኪጋመስ ፈራ። መፍራቱንም ያውቀዋል። አንዴ እስከ ማዕዘኑ ሄዶ ተመልሷል። በመጨረሻ እጁን በመስኮቱ ሲያስገባ ቲኬት ሻጯ ብዙነሽ፣ የግቢ ጎረቤቱ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ መንገድ ተሳስተው ነው?» አለችው።

ውስጡ ያው ነው። ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው በጎን በር ላይ የተጋረደ ቀይ መጋረጃ። መጋረጃውን ላለማየት ዓይኑን ሸራው ላይ ተከለና ሳምንቱን ሙሉ በድምፅ ብቻ ያወቃቸውን ሰዎች አየ። አሮጊት ናት ብሎ የደመደማት ለጋ ልጅ ሆና አገኛት። ክፉ የመሰለው ወፍራም ድምፅ የደግ አባት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀው ነበር።

ደስታነሽን መሃል ረድፍ ላይ አገኛት። የሸራው ብርሃን ፊቷ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዓይኗ ተጨፍኗል። ቀስ ብሎ ከጎኗ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው መጣ፤ ከዚያ ዋሽንቱ። ልጅቷ ጀልባዋ ላይ ወጣች። ሰውየው ዳር ላይ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ያዘ።

«ሲስተር» አለ ወልደአማኑኤል በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ። ዓይንሽን እንዳትከፍቺ።»

ትከሻዋ ደንገጥ አለ፤ ዓይኗን ግን አልከፈተችም።

«ይሄን ሰውዬ እኔ አላውቀውም። ፊልሙን ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ስሰማው ሁለቱም ጀልባዋ ላይ ነበሩ። የሚቀዝፈው እሱ ነው። እሷ እጇን ውሃው ውስጥ ነክራለች፤ አልቦዋ የሚንሿሿው እግሯን ዘርግታ ስለምትጫወት ነው። ሂጂ አላላትም። ‹ደረስን› ነው ያላት።»

ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ እናዳምጥበት» አለ። ወልደአማኑኤል ድምፁን ዝቅ አደረገና ቀጠለ። ቫዮሊኖቹ ሲነሡ ማዶውን ነገራት፤ ዳርቻውን፣ ሸምበቆውን፣ በሩ ወደ ውሃው የሚያየውን ቤት። በዕድሜው ይሄን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ሲናገር የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው፤ ታደሰ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ነበር የሚተርክለት።

ሙዚቃው አለቀ። ደስታነሽ ዓይኗን ጨፍና፣ «ቤቱ ስንት ክፍል ነው?» አለችው።

«ሁለት። ፕላኑን የነደፍኩት እኔ ነኝ።»

ስትስቅ በጨለማው ውስጥ ሰማት።

መብራት ሲበራ ሕዝቡ ዋናውን በር አጨናነቀው። ደስታነሽ ወደ ቀዩ መጋረጃ አመለከተች። «በዚህ እንውጣ።» ወልደአማኑኤል ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ በጥቂት ቃል ነገራት፤ ስለ ስብሰባው፣ ስለ ታደሰ፣ ስለ ኮቱ። እሷም ማጽናኛ አልደረደረችም። «እንግዲያው በዋናው በር ሰዉ እስኪቀል እንጠብቃለን» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። እሱ ግን ጥቂት ቆይቶ መጋረጃውን ገለጠ።

በሩ የሚያወጣው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው። ከፊቱ የገዛ ግቢው አጥር፣ ገመድ ላይ ጠዋት ያሰጣው ሸሚዝ፣ ከፍ ብሎ ያቺ ቀዳዳ። ገና አልጨለመም።

«ይቺ ናት ቀዳዳዋ?» አለች ደስታነሽ።

«እሷ ናት።»

ቀና ብላ አየቻት። «ነገ አልሄድም እላቸዋለሁ» አለችና ደግሞ፣ «ለሚቀጥለው እሁድ ካሴት አላመጣም፤ ለእነ ሮማን በአፌ ነው የምነግራቸው» አለችው። ወልደአማኑኤል ሳቀና ሊሸኛት መንገድ ጀመረ።

ሸኝቷት ቤቱ ሲገባ የማታው ፊልም አልተጀመረም፤ ግድግዳው ዝም ብሏል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሚስማሩ ላይ ወዳለው ኮት ዞረ። ማጀቢያውን በአፉ እያዜመ፣ አሮጊት የመሰለችውን ለጋ ልጅ፣ ደጉን ወፍራም አባት፣ ሁሉንም ለታደሰ ተረከለት። ጀልባዋ ጋ ሲደርስ ትንሽ አመነታ። ለደስታነሽ የነገራትን አልደገመለትም። ልክ በዓይኑ እንዳየው፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሲፈታ፣ ጀልባዋም ቀስ እያለች ስትሄድ ነገረው።