ቀድሞ የተነገረው ቀልድ

ቴሌቪዥን ገና ጥቁርና ነጭ በነበረበት፣ የኒውዮርክ ሰው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ቶክ ሾው ማየት በጀመረበት ዘመን ነው። ኢርማና ሙሪ ለአቅራቢው ለቨርነን ሎሪ ቀልድ ይጽፉለታል። ዝግጅቱ ከሰዓት በኋላ ተቀርጾ ሰው ሊተኛ ሲል ይተላለፋል። የተፎካካሪው ጣቢያ አቅራቢ ሃል ደንኪን ግን ከእነሱ ቀድሞ አየር ላይ ይወጣል። ያን ሰሞን የእነሱ ቀልድ በሃል አፍ ይሰማ ጀመር። አገሩም ቨርነንን ቀልድ ሌባ አለው።

ቀልዱን አስቀድመው የሚያውቁት ሁለቱ ጸሐፊዎች ናቸው። ኢርማ እሷ ካልሆነች ሙሪ ነው፤ ሌላ ማን አለ? ሙሪ ስልክ ሲያነሳ ጆሮዋ ይቆማል፤ ኮቱን ደርቦ ሲወጣ በመስኮት ትከተለዋለች።

“ምን ታፈጪብኛለሽ? ሰናፍጩ አገጬ ላይ ቀረ እንዴ?” ይላታል ሳንድዊቹን እየገመጠ።

“አይ፣ አምሮብህ ነው።”

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ወጥመድ አጠመደች። በከንቲባው ባርኔጣ ላይ አንድ ቀልድ ፈጥራ ለሙሪ ብቻ ነገረችው። ለቨርነን የሰጠችው ካሜራ ፊት ሊቆም ሲል ነው። ማታ ሃል ያንኑ ቀልድ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ተናገረው።

“ሙሪ ነው፣ አለቃ” አለችው ለቨርነን በማግስቱ።

ቨርነን ዐይኑን ከመስታወቱ ሳያነሳ ዝም አለ። ሙሪ ከምሳ በፊት ተባሮ ዕቃውን ሸክፎ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ “እኔ ደግሞ አንቺ ትመስዪኝ ነበር። ግን አፌን ያዝኩ” አላት።

ንግግሩ አልዋጥልሽ አላት። ቀልዱም መውጣቱን አላቆመም። አሁን የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ራሷን ትጠርጥር? አንድ ቀን ከቀረጻ በኋላ የቨርነንን መልበሻ ክፍል ልታንኳኳ ስትል ድምፁን ሰማች።

“ቀስ በል እንጂ፣ ሃል! ‘አማቴ’ ካልክ በኋላ ትንሽ ዝም በል፣ ከዚያ...”

በሩን ገፍታ ገባች። ቨርነን ስልኩን ዘጋ።

“ሬዲዮ ላይ አብረን ስንሠራ ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው” አለ። “አሁን መጠጥ ጨረሰው፤ ቀልድ ነጠፈበት። ዝግጅቱን ሊዘጉበት ነው፣ ኢርማ። ምን ላድርግ?”

“ሙሪስ? ንጹሕ መሆኑን እያወቅህ?”

“ስሙን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። እኔ ዝም ነው ያልኩት።”

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አለች ፊቷ ቀልቶ። “ዛሬውኑ ደውልና መልሰው። አለዚያ ጣቢያው ከእኔ ይሰማዋል።”

ሙሪ ተመለሰ። ሃል ብርዱ ሳያልፍ ከአየር ወረደ፤ ቨርነን ዓመታት ዘለቀ። ኢርማ ሙሪን ይቅርታ ስትጠይቀው፣ “ተዪው ባክሽ” ብሎ ሳቀ። ግን ከዚያ ወዲያ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ታይፑ ላይ ያለውን ወረቀት በክንዱ ይሸፍን ነበር።